የአክስት ዞርካ ደብተር

«የደብተሩ ባለቤት ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም» አለች ኖሪን ለጎብኚዎቹ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በወንዙ ዳር ከነበሩት የሱፍ ፋብሪካዎች ባንዱ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። አሁን በሕይወት ትኖራለች ብለን አናስብም። ከእሷ የቀረን ይኼ ብቻ ነው።»

ይህ ሲባል ያስና ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ ነበር። አሮጌው ማተሚያ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሎ፣ በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች ትስበው ነበር። ንግግሩን ታውቀዋለች። የራሷ የያስና ዐውደ ርእይ ከተከፈተ ወዲህ ኖሪን አስጎብኚ በሆነችበት ቅዳሜ ሁሉ ሰምታዋለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍራት ነበር፣ ኋላ ግን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ለመደችው። ዛሬም ሳታዳምጠው ታልፍ ነበር። ወረቀቱን አውጥታ ልትነሳ ቀና ስትል ግን በጠረጴዛው እግሮች መካከል የጎብኚዎቹን ጫማ አየች። ሁለት ሦስት የሩጫ ጫማ፣ አንድ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ሐኪም ያዘዘው ሰፊ ጥቁር ጫማ፣ አጠገቡም ጫፉ ላይ ግራጫ ጎማ የተሰካበት ምርኩዝ። ጎማውን ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የሰካችው ያስና ራሷ ናት። የቆመችው አክስቷ ዞርካ ነበረች።

ዞርካ እዚህ መምጣት አልነበረባትም። ያስና ዐውደ ርእዩ ሜልቦርን ነው ብላታለች፤ መንገዱ ለዳሌሽ አይሆንም፣ ሲያልቅ ፎቶውን አሳይሻለሁ ብላታለች። አዳራሹ ግን ከዞርካ ቤት በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት፣ እዚያው ጂሎንግ ውስጥ፣ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ የድሮ ሱፍ ማከማቻ ነው። አሁን ዞርካ የቅዳሴ ኮቷን ለብሳ፣ ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ የታጨቀ ኩኪስ በደረቷ አቅፋ፣ በመስታወቱ ሣጥን ፊት ቆማለች። በሣጥኑ ውስጥ የእሷ ደብተር ከመካከሉ ተገልጦ ተኝቷል።

ደብተሩ ባለአራት ማዕዘን መስመር ያለው የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ድሩ ከላይ ሲውል ካሬው በእርሳስ ጠቁሯል፣ ማጉ ከላይ ሲውል ነጭ ተትቷል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠና ስድስት ገጽ፣ አንዱ ጥለት ሌላውን ሳይመስል። ኮምፒውተርም የሚያውቀው ቋንቋ ይኸው ነው፤ አለ፣ የለም። ከደብተሩ ጎን ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። በሰማንያዎቹ ትምህርት ቤቶች የገዟቸው፣ ኋላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተገኙ፣ እንደ ዳቦ የወፈሩ፣ ቀለማቸው የወየበ። ፕሮግራማቸው የሚጫነው ከካሴት ነው። ካሴቱ ስድስት ደቂቃ ሲያፏጭ ቆይቶ ሲያበቃ፣ ማሽኑ በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ክር፣ ቀጥሎ አንድ ክር እያለ መሸመን ይጀምራል። ያስና የሰጠችው ሕግ ብቻ ነው። ከሕጉ ምን እንደሚወለድ ማሽኑም እሷም አያውቁም፤ የዛሬው ጥለት ነገ አይደገምም። ያማረውን ማተሚያው እየተንኳኳ ያወጣዋል፣ እሷም በመስታወት አድርጋ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ሕጎቹ ግን፣ መቼ መዝለል፣ መቼ መመለስ፣ ቀዩ ሰማያዊውን የት ላይ መሻገር እንዳለበት፣ ሁሉም ከደብተሩ የተቀዱ ናቸው።

«እርስዎስ እመቤቴ፣ ፋብሪካ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?» አለቻት ኖሪን ለዞርካ፣ ፈገግ ብላ። «በዚህ ከተማ በእኛ ዕድሜ ያልሠራ የለም እኮ።»

ያስና ወረቀቱን ጨብጣ ተነስታ ቆማለች። ዞርካ ዓይኗን ከመስታወቱ አነሳችና አየቻት። ወዲያው ወደ ደብተሩ፣ ከደብተሩ ወደ ጽሑፉ፣ ከጽሑፉ መልሳ ወደ ያስና ተመለከተች። ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል «ያልታወቀች እጅ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሠዓሊዋ ይህን ደብተር ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ እንዳገኘችው ያትታል።

«እኔ?» አለች ዞርካ። «እኔ ጽዳት ነበርኩ። ቢሮ ነበር የምጠርገው።»

«አሃ፤ እንግዲያ ይኼ ለእርስዎም አዲስ ነው።»

«ከየት አውቄ» አለች ዞርካ።

ዞርካ ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቅ አራሚ ነበረች። ከመሸመኛው የወጣውን ጨርቅ በብርሃን ላይ ዘርግታ፣ የተዘለለውን ክር በዓይኗ አድና፣ በመርፌ ቦታው የምትመልስ። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ «ልብስ ሰፊዋ» ብላ ስለጠራቻት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጋታለች። ያቺ ሴት አሁን በማታውቃቸው ሰዎች ፊት መጥረጊያ ይዤ ነበር አለች። ለምን እንዳለችም ያስና አልጠፋትም። ያኔ አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነበር፤ አክስቴ ናት፣ ደብተሩ የእሷ ነው ማለት ብቻ። የጨበጠችውን ወረቀት ግን ማጣጠፍ ያዘች። ዞርካ ቀስ ብላ መጥታ ዕቃውን ዘረጋችላት። «ለሠራተኞቹም አካፍያቸው» አለች።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ኖሪን ደስ ብሏት።

«የእናቴ ጓደኛ ናት» አለች ያስና።

ዞርካ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ፣ ጓደኛዋ ነኝ እንደማለት።

ያስና ወደ ቤት ላድርስሽ ስትላት ዞርካ እምቢ አላለችም። መኪናው ውስጥ ቀበቶው አልታሰር ሲላት ያስና ልታግዛት እጇን ዘረጋች፤ ዞርካ ግን እጇን ገፋ አድርጋ ራሷ አሰረችው። ጥቂት እንደሄዱ ስለ አውቶቡሱ አነሳች፤ ሾፌሩ ትሑት ነው፣ ምርኩዝ ሲያይ መወጣጫውን ዝቅ ያደርጋል አለች። ሎሚው ዘንድሮ ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፍርቷል፣ አንድ ከረጢት ትወስጂያለሽ አለች። ቤንዚን ደግሞ ጨመረ አይደል አለች፣ በነዳጅ ማደያው ሰሌዳ አጠገብ ሲያልፉ። ያስና ለሁሉም «አዎ» አለች። ትራፊክ መብራት ይዟቸው ቆመው ሳለ ዞርካ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «ጋዜጣው ላይ በወጣው ፎቶሽ ጸጉርሽ አልተበጠረም» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ናቸው ቆርጠው የሰጡኝ። የአንቺ ልጅ ናት፣ ዐውደ ርእይዋም እዚሁ ከተማችን ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ የለም፣ ሜልቦርን ነው ብዬ ተከራከርኳቸው።» ከዚያ ቤል ፓርክ፣ ዞርካ ቤት ደረሱ።

ያስና የደብተሩን ታሪክ ለራሷ ስትነግረው ሁልጊዜ ቀላል ታደርገዋለች። ዞርካ የዳሌዋን መገጣጠሚያ ልታስቀይር ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው፤ ያስና ቤቷን ስትጠብቅ፣ ጓሮ ካለው የዕቃ ቤት የአትክልት መቀስ ስትፈልግ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደብተሩን አገኘችው። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ገለጠችው። አራት ዓመት ሙሉ እነዚያን ማሽኖች ስትነካካ፣ ቆንጆ ግን ባዶ የሆነ ነገር ብቻ ነበር የሚያወጡላት፤ አሁን ነፍስ ገባቸው። የዐውደ ርእዩ ማመልከቻ ዓርብ ይዘጋል። ቅጹ ላይ የሌላ ሰው ሥራ ከተጠቀሙ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ያያይዙ ይላል። ዞርካ በማደንዘዣ ውስጥ ናት፤ ብትነቃስ ምን ትላለች? ይኼን ለሰው አታሳዪ ብትልስ? ስለዚህ «ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገኘ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። የአዳራሹ ኃላፊ ፊሊፓ ያቺን መስመር ከሥዕሎቹ በላይ ወደደቻት። ውሸቱ በያስና እጅ አንድ መስመር ነበር፤ በፊሊፓ እጅ ርእስ ሆነ፣ በኖሪን አፍ ደግሞ ሬሳ ወጣው። ለራሷ ስትነግረው የምትዘለው ክፍል ግን ሌላ ነበር። ያ ክፍል የዞርካ ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል።

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ጠረጴዛው በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ መስኮቱ ሥር የፓርስሊ ማሰሮ አለ። በየቦታው ደግሞ ቢጫ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ምድጃው ላይ «አጥፊ»፣ በሩ ላይ «ቁልፍ»፣ ቁም ሣጥኑ ላይ «መድኃኒት፣ ጠዋት ብቻ»፣ ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ የያስና ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩም «ያስና፣ የእህቴ ልጅ» የሚል። ዞርካ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ ደብተሩን ፈልጋ አጣችው። ቆርቆሮው ባዶ ነው። የዕቃ ቤቱን ገለባበጠችው፣ አልጋ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ፈለገች። ያስና ያኔ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ስትላት «ምንም፣ አንድ አሮጌ ነገር» ነበር መልሷ። ወዲያው ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው አለች። ሐኪሙ የማስታወስ ፈተና አዘዘላት፤ ሰዓት ሥዪ፣ አምስት ቃል ያዢና ድገሚ የሚሏት ዓይነት። ወደ ፈተናው በመኪናዋ ያደረሰቻት ያስና ናት። ውጭ ተቀምጣ መጽሔት እያገላበጠች ጠብቃታለች። ውጤቱ ደህና ነበር፣ ዞርካ ግን አላመነችውም፤ አንድ ነገር የት እንዳኖርኩ ካላወቅሁ ሰው ልገጭ እችላለሁ ብላ ትንሿን መኪናዋን ሸጠች። ወረቀቶቹን መለጠፍ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ያስና እሁድ እሁድ ለምሳ ስትመጣ ከወረቀቶቹ መካከል ተቀምጣ ሾርባ ትበላ ነበር።

ዞርካ ኮቷን ሰቅላ የባቄላ ሾርባውን ምድጃ ላይ ጣደች። ያስና መቀመጥ አቅቷት ቆመች። ጩኸቱን ጠበቀች፤ ጩኸቱ ቢመጣ ይቀላት ነበር። ዞርካ ግን ምድጃው ላይ ያለውን ወረቀት ትንሽ ስታየው ቆየችና በጥፍሯ ጫፉን አንስታ ላጠችው። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ወደ በሩ ሄዳ የበሩን ላጠች። የቁም ሣጥኑን ላጠች። አንዳንዱ ሙጫው ደርቆ ቀለም ይዞ ይነሳል፤ ዞርካ አትቸኩልም፤ ዕድሜ ልኳን ጨርቅ እንዳረመችው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ምንም ሳትዘል ሄደች። ማቀዝቀዣው ላይ ስትደርስ የስልክ ቁጥሩ ያለበትን ጥቂት ይዛው ቆመች፤ እሱንም ላጠችው።

«አክስቴ» አለች ያስና።

«መኪናዬን አንዲት ነርስ ናት የገዛችኝ» አለች ዞርካ ዞር ሳትል። «ጥሩ ልጅ ናት። አንዳንዴ በዚህ ስታልፍ ጥሩምባ ትነፋልኛለች።»

«መናገር ነበረብኝ። እኔ…»

«እዚያ ሐኪም ቤት ስወጣ ምን ብለሽኝ ነበር? አስታውሰዋለሁ። ‹አየሽ፣ ምንም የለብሽም› አልሽኝ። ምንም እንደሌለብኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ያስና ፊቷ ነደደ። ሾርባው መንተክተክ ጀመረ። ዞርካ ሁለት ሳህን አወጣች፣ አንዱን መለሰችው፤ መልሳ ደግሞ አወጣችው። ቀዳችላት። ተቀምጠው በሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያስና በዚህ ጠረጴዛ ያልበላችበት እሁድ የለም። ዛሬ ግን እንጀራ ልጅም፣ እንግዳም፣ ሌባም ሆና የተቀመጠች መሰላት። ሳህኑን ግን እስከ መጨረሻው ጨረሰችው፤ መተዉ ሌላ ስድብ ይሆናል ብላ።

«ሃሎዌይ የሚባል ነበር» አለች ዞርካ ኋላ፣ የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፏ እየሰበሰበች። «ጥለት የሚወጣበት ክፍል አለቃ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደብተሩን ይዤለት ሄድኩ፤ ልብሴን ተኩሼ፣ በምሳ ሰዓት። አልገለጠውም እኮ። እጁን ሽፋኑ ላይ አሳርፎ ‹ዞርካ፣ የአንቺ ዓይን ስህተት ለማየት ነው የተፈጠረው› አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየሁም። ለባሌም።» ፍርፋሪውን ሳህኑ ላይ አራገፈች። «ሃምሳ ስድስት ዓመት ማንም አልገለጠውም። አንቺ ገለጥሽው። ዛሬ ያን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ከዚያ አስጎብኚዋ ሴትዮ ‹ሞታለች› አለች። አሁን እንዴት እንደምቆጣሽ አላውቅበትም። ሂጂ በቃ፤ ሥራሽ ይጠብቅሻል።»

ሎሚውን አልሰጠቻትም። ያስናም አልጠየቀችም።

አዳራሹ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ተመለሰች። ኖሪን ሻይ ይዛ ከፊሊፓ ጋር ቢሮ በር ላይ ቆማለች፤ በሌላ እጇ የዞርካን ኩኪስ ይዛለች። «ይቺ ሴትዮ እጇ ይባረክ!» አለች። ያስና መኪናው ውስጥ ያሰናዳችውን ንግግር ተወችው።

«ደብተሩ ከሱቅ አይደለም» አለች። «ከአክስቴ ቤት ሳላስፈቅድ ወስጄው ነው። ይኼን ኩኪስ የጋገረችው እሷ ናት።»

መጀመሪያ የገባት ኖሪን ነበረች። ኩኪሱን ኩባያው ላይ አኖረችው። «ያቺ ሴትዮ?» አለች። «ሞታለች አልኳት እኮ። ፊት ለፊቷ! ጽዳት ነበርኩ አለችኝ።»

«እኔን ላለማጋለጥ ነው።»

«አንቺስ እዚያ ቆመሽ ሰምተሽ?»

«ቆሜ ሰማሁ።»

ኖሪን ያየቻት አስተያየት ከስድብ የከፋ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት በጓደኛ ልጅ የምታፍረው ዓይነት። ፊሊፓ ግን ሌላ ነገር እያሰላች ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን አዳራሽ በእግሩ ያቆመችው በብዙ ልመና ነው። በሩን ዘጋ አድርጋ በዝግታ ተናገረች። የዐውደ ርእዩ መጽሔት ታትሟል፤ ሰኞ ከሜልቦርን ሙዚየም ሥራውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሰዎቹን የሳባቸው ደግሞ ስም የለሽነቷ ነው። «ስሙን ቀስ ብለን ብናስገባው አይሻልም?» አለች። «ከሰኞ በኋላ። አሁን ብንነካው ርእሱ ራሱ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ» አለች ያስና። «ርእሱም ውሸት ነው።»

ፊሊፓ የቢሮውን ስልክ ወደ ያስና ገፋችው። «እንግዲያ ፈቃዷን ጠይቂያት። አሁን፣ እኛ እየሰማን። እሺ ካላለች ሁሉንም ዛሬውኑ አወርደዋለሁ፤ ይኼንንም ንገሪያት።»

ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠራ።

«አክስቴ፣ ያስና ነኝ።»

«አወቅሁሽ። አእምሮዬ ደህና ነው።»

«ነገርኳቸው። ሁሉንም። ከፈለግሽ ዛሬውኑ ይወርዳል፤ ደብተሩንም ይዤልሽ እመጣለሁ። ከፈቀድሽ ደግሞ ስምሽን ይጽፋሉ።»

ከወዲያ ማዶ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ተዘጋ። «ምን ብለው ነው የሚጽፉት?»

«ዞርካ ፔሪሻ።»

«ፔሪሻ ባሌ ነው። እሱ አንድ መስመር አላሰመረም፤ ነፍሱን ይማር። ዞርካ ቶማሺች በያቸው። ስሠራው ገና አላገባሁም ነበር።»

ያስና ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራችው፤ ኖሪን የኩኪስ ዱቄት በነካው እጇ ኤንቬሎፕ ጀርባ ላይ ጻፈችው፣ የመጨረሻውን ፊደል ሁለቴ አስደግማ።

«ደግሞ ስሚ» አለች ዞርካ። «ከግራ ሁለተኛው ሥዕል ላይ፣ ሰማያዊው፣ ክር ተዘልሏል። ማጉ በሰባተኛው ድር ላይ መመለስ ሲገባው በስምንተኛው ነው የሚመለሰው፤ ከታች እስከ ላይ እንደዚያው ነው። ያ ከእኔ ደብተር የመጣ አይደለም፤ የአንቺ ስህተት ነው። እሱ እንደተሰቀለ ስሜን አትለጥፊ።»

«እሺ፣ አወርደዋለሁ።»

«ነገ እሁድ ነው።»

«አዎ።»

«ነገ አትምጪ» አለች ዞርካ። ያስና ስልኩን ከጆሮዋ ልታወርድ ስትል ቀጠለች። «በሚቀጥለው ነይ።»

ያስና ስልኩን አኖረች። ኖሪን «ምን አለች?» ስትላት «ፈቅዳለች» አለች። ወደ አዳራሹ ወጣች። ስድስት ሰባት ጎብኚዎች አሁንም በማሽኖቹ ዙሪያ ነበሩ፤ አንዱ ሰውዬ ሚስቱን ጠርቶ ሰማያዊውን ሥዕል እያሳያት ነበር። ያስና ፊቷ እየነደደ በመካከላቸው አለፈች፤ «ይቅርታ፣ ስህተት አለበት» ብላ ከፊታቸው ከሚስማሩ ነቀለችው።